ከሠርጉ ወጪ ላይ ሦስት ቀን ለሁለታችሁ አስቀሩ



አንድ ጓደኛዬ ካገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሠርጉ ላይ ነበርኩ። የኪራይ መኪኖቹ ተሰልፈው፣ ዲኮሩ አብረቅርቆ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያለ ሲያደክማቸው አይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ሱቁ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ «እስቲ ከባለቤትህ ጋር የት የት ሄዳችሁ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሐኪም ቤት» አለኝ። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ወላሂ እውነቴን ነው፤ ከሠርጉ ወዲህ እኔና እሷ ለብቻችን ተቀምጠን አንድ ምሳ እንኳ አልበላንም። ጠዋት ሱቅ፣ ማታ ቤተሰብ። የዲኮሩን ዕዳ ከፍዬ የጨረስኩት ገና ባለፈው ወር ነው» አለኝ።

ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም። አብዛኞቻችን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ለአንድ ቀን እንግዳ ዓመት የሚከፈል ብር እንበደራለን፤ ዕድሜዋን ሙሉ አብራን ለምትኖረው ሰው ግን ሦስት ቀን እናጣለን። ከዚያ ትዳሩ ሲደርቅብን «ምን ነካን?» እንላለን። ምንም አልነካንም፤ ገና አልተዋወቅንም።

ስለዚህ ዛሬ የምለው አጭር ነው። ሠርግ ያላችሁ ከሠርጉ ላይ ቀንሳችሁ፣ ያገባችሁም ወር በወር ጥቂት ጥቂት እያስቀመጣችሁ፣ ለሁለታችሁ ብቻ የምትሆን ረዘም ያለች የሳምንት መጨረሻ አውጡ። ስታቅዱም ብዙ ቦታ ለመቁጠር ሳይሆን ተረጋግታችሁ አብራችሁ ለመዋል አቅዱ። ነገሩ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ከተማ መርጬ ከነዝርዝሩ አወራችኋለሁ። ከተማው አርባ ምንጭ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚል

መጀመሪያ ይህችን እናንሳት፤ መነሳቷ አይቀርምና። «የጫጉላ ሽርሽር ከፊልም የመጣ ነው፤ አባቶቻችን አያውቁትም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግን ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። ጫጉላ የኛው ቃል ነው። ሙሽሮቹ ከሥራና ከሰው ግርግር ርቀው ለብቻቸው የሚሰነብቱበት ጎጆ ጫጉላ ይባል ነበር። አያቶቻችን ሆቴል አልነበራቸውም፤ ሁለት ሰዎች ለመላመድ ለብቻቸው የሚሆኑበት ቀን እንደሚያስፈልጋቸው ግን ያውቁ ነበር። እኛ ሆቴሉ አለን፤ ቀኖቹን ግን ጣልናቸው።

ከዚያም በላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ ከባለቤቶቻቸው አብራቸው የምትሄደውን በዕጣ ይለዩ እንደነበር፣ በጉዞ ላይም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተሽቀዳደሙ ሁላችንም ተምረናል። አንዴ እሷ ቀደመች፤ በሌላ ጊዜ እሳቸው ቀደሙ። የዚያን ያህል ኃላፊነት የተሸከሙ ሰው ከባለቤታቸው ጋር ለመሽቀዳደም ጊዜ ካገኙ፣ «ሥራ በዛብኝ» የሚለው ሰበባችን ምን ያህል እንደሚያስኬድ እያንዳንዳችን እንመዝነው።

ለምን አርባ ምንጭ?

ዱባይን ወይም ዛንዚባርን የሚችል ይሂድ፤ አልቀናም። ግን አብዛኛው አንባቢ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ሐላባ ቁሊቶ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ያለ ወጣት ነው። ለነዚህ ከተሞች አርባ ምንጭ በአውቶቡስ የሚደረስባት ናት።

ደግሞ እንደ አርባ ምንጭ በትንሽ ርቀት ብዙ የሚለያይ ነገር ያላት ከተማ ብዙ አታገኙም። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞቃት ናት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ስትሄዱ ግን ዶርዜና ጨንቻ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ጋቢ ያስደርባል። ከታች ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን አሉ። አባያ ከጣና ቀጥሎ በአገራችን ሁለተኛው ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ወንዞች በሚያመጡት ደለል የተነሳ ውኃው ቀላ ያለ ነው። ጫሞ ያንሳል፤ ውኃው ግን ይጠራል። ሁለቱን የሚለያቸው የመሬት ጉብታ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ነዋሪዋም የሚጠጣው ከነሱ ነው። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ብርዳማዋ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ዛሬ አርባ ምንጭ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት።

መቼ እንሂድ?

ዓርብ ወይም ሰኞ ላይ የሚውል የሕዝብ በዓል ፈልጉ፤ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተደምሮ ሦስት ቀን ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም በዓል እኩል አይደለም።

ዒድን አትንኩት። ዒድ የወላጅና የዘመድ ነው፤ ቀኑም በጨረቃ ስለሚለይ የአልጋና የአውቶቡስ ቦታ አስቀድሞ ለመያዝ አይመችም። ከዒዱ በኋላ ያለውን ሳምንት ብትይዙ ይሻላል።

መስከረም 17 አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ አውቃችሁ ሂዱ። መስቀል በጋሞ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። ሽሮ ሜዳና ሌላ ቦታ ሸማ የሚሠሩት የጋሞ ልጆች በብዛት ወደ አገራቸው የሚገቡት ያን ጊዜ ነው። አውቶቡሱ ይሞላል፣ አልጋ ይጠባል። ጸጥታ ለሚፈልጉ ጥንዶች ጊዜው አይደለም።

ሚያዝያ 23 እና 27 በዓላት ናቸው፤ ነገር ግን ሚያዝያና ግንቦት በዚያ አካባቢ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። የዶርዜ ዳገት በጭጋግና በጭቃ ጊዜ ደስ አይልም። ለኔ የተሻሉት ጥር 11 እና የካቲት 23 ዙሪያ ያሉት ቀኖች ናቸው፤ ደረቅ ናቸው። የካቲት ይሞቃል፤ ረመዳን ላይ እንዳይውልም ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩት።

መንገዱን በሐቅ እንቁጠረው

ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በአውቶቡስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ትውላላችሁ። ሦስት ቀን ብቻ ኖሯችሁ ሁለቱን በመቀመጫ ላይ ካሳለፋችሁ፣ የቀረችው አንድ ቀን የድካም ቀን ናት። በድካም ደግሞ ሰው ይጋጫል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ የምትነሱ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው የሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ ጨምራችሁ በመኪና መሄድ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አርባ ምንጭ ስለሚበር ቢያንስ አንዱን መንገድ፣ በተለይ የመሄጃውን፣ በአውሮፕላን ማድረግ ነው። ከሐላባ፣ ከሆሳዕና፣ ከወራቤ፣ ከሻሸመኔ የምትነሱ ግን ሁላችሁም ወላይታ ሶዶ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለናንተ ሦስቱ ቀን ይበቃል።

በሌሊት አትንዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ። ኬላ ላይ ስለምትጠየቁ ሁለታችሁም መታወቂያ ያዙ። ሶላትን በተመለከተ መንገደኛ አራት ረከዓውን ሁለት የሚያደርግበት፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ የሚያጣምርበት እፎይታ አለው፤ ዝርዝሩን ከመነሳታችሁ በፊት ከኡስታዛችሁ ጋር ጨርሱት፤ መንገድ ላይ ቆማችሁ እንዳትከራከሩበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ምዕራብ አባያንና ላንቴን ታልፋላችሁ። አዲስ አበባ የምንበላው የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ነው። የሚቻል ከሆነ መኪናውን አስቁሙና ከመንገድ ዳር ሙዝና ማንጎ ግዙ። የሦስት ቀን ቁርሳችሁን ግማሽ በዚያ ትሸፍናላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ምንም አትሥሩ

የኔ ደንብ አንድ ናት፦ በአንድ ቀን አንድ ትልቅ ነገር። የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ነገር መድረስ ነው።

አርባ ምንጭ ሁለት ናት። ሲቀላ ታች ናት፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ግርግሩ እዚያ ነው። ሴቻ ላይ ናት፤ ጸጥ ያለች ናት፤ ሐይቆቹም ከሷ ቁልቁል ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ባጃጅ ያመላልሳል። ብር የሚቆጥብ ሲቀላ ያድራል። ዕይታ የሚፈልግ ወደ ገደሉ አፋፍ ይጠጋል፤ ከድሮው በቀለ ሞላ ጀምሮ እስከ ፓራዳይዝ ሎጅና ኃይሌ ሪዞርት ድረስ የተለያየ አቅም የሚመጥን አለ።

ምስጢሩ ግን እዚህ ነው፦ ዕይታውን ለማግኘት የግድ እዚያ ማደር የለባችሁም። ሲቀላ በርካሽ ዐድራችሁ፣ ዐስር ሰግዳችሁ ወደ ሴቻ ውጡና አፋፉ ላይ ካለ ቦታ ሻይ ወይም ጭማቂ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከሥራችሁ ጫካው፣ ከጫካው ማዶ ሁለቱ ሐይቆች፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ የሐይቆቹ ቀለም ሲቀያየር ታያላችሁ። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ አስገቡት። ጓደኛዬ ዓመት ከመንፈቅ ያጣው ይህችን አንዲት ሰዓት ነበር።

ምን እንብላ?

ለሙስሊም መንገደኛ የመጀመሪያው ጭንቀት ስጋ ነው። ማን አረደው? የት ነው ያለው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጥንዶችን ሦስት ቀን ብስኩት ሲያስበላ አይቻለሁ። አርባ ምንጭ ላይ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ የከተማዋ ምግብ አሳ ነው። አሳ ደግሞ ማረድ አይፈልግም።

ከጫሞና ከአባያ ነጭ አሳ፣ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣል። ጥብስ፣ ኮተሌት፣ ዱለት፣ ሾርባ ሆኖ ይቀርባል። በማለዳ የወጣ አሳ ለምሳ ብትበሉ የተሻለ ነው፤ «የዛሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌላም ጥያቄ አለ፤ እሱንም በፈገግታ ጠይቁ፦ «ዘይቱና መጥበሻው ስጋ የተጠበሰበት ነው?» ለብቻ እንዲጠብሱላችሁ ካላችሁ እንግዳ ተቀባይ ቤት እሺ ይላል። እሺ ካላለ ሌላ ቤት አለ።

ስጋ ያማራችሁ ቀን የሙስሊም ምግብ ቤት ፈልጉ፤ ቀላሉ መንገድ ለሶላት መስጂድ ስትገቡ ጀመዓውን መጠየቅ ነው። የትኛው ቤት ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው ሴት ይዘው ቢገቡበት እንደሚመች ይነግሯችኋል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በያይነቱ በየቦታው አለ፤ እሱን የመሰለ የመንገደኛ ባለውለታ የለም። የአካባቢውን ቅመም ከፈለጋችሁ ዳጣ ጠይቁ፤ የሽፈራው ቅጠልም እዚያ እንደ ጎመን ተሠርቶ ይበላል። ከእንጀራ ወጥታችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛው ቀን፦ ጫሞ በማለዳ

ፈጅር ሰግዳችሁ ተነሱ። ጫሞን በጀልባ ማየት የአርባ ምንጭ ዋና ጉዳይ ነው። በከተማዋ መካከል የሚያልፈው የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ አዞዎቹ ተሰብስበው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አስጎብኚዎቹ «የአዞ ገበያ» ይሉታል። ስሙን ሰምታችሁ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ እንዳይመስላችሁ። አፋቸውን ከፍተው የተጋደሙት አዞዎች ግንድ ይመስላሉ፤ ግንዱ ድንገት ሲንሸራተት ነው የምትደነግጡት። ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው ያዩአችኋል። ይብራዎች በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

በማለዳ ሂዱ የምለው ለሁለት ነገር ነው፦ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ነፋሱም ሐይቁን ሳያናውጠው። የሕይወት ጃኬት ካልተሰጣችሁ አትሳፈሩ። እህቴ፣ ከሒጃቡ በላይ አድርጊው፤ አጥብቀሽም እሰሪው። የጀልባ ነጂው «ተቀመጡ» ሲል ተቀመጡ፤ ፎቶ ብላችሁ አትቁሙ። በየትኛውም ዳርቻ እግር ለመታጠብ እንኳ ወደ ውኃው አትጠጉ። የጀልባ ወጪ ከበድ ይላል፤ እዚያው ካገኛችሁት ሌላ ቤተሰብ ጋር ተካፍላችሁ ከሄዳችሁ ይቀላል።

የአዞ እርባታ ጣቢያም በአባያ በኩል አለ። የኔ አስተያየት፦ አዞን በነፃነት ሐይቅ ላይ ያየ ሰው በግንብ ገንዳ ውስጥ ተደራርቦ ለማየት ሰዓቱን ባያጠፋ ይሻላል።

የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክስ? ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሜዳ አህያ ያለው በእግዜር ድልድይ ማዶ ባለው ሜዳ ነው። እዚያ ለመድረስ ጠንካራ መኪና፣ ጠባቂና ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ መንገዱም አጥንት ይነቀንቃል። ለሦስት ቀን የመጡ ጥንዶች ይተዉት እላለሁ። ይልቅ ዐስር ላይ በዚያው ፓርክ ክልል ውስጥ ወዳሉት ምንጮች ውረዱ። ዛፎቹ ያረጁና ረጃጅም ናቸው፤ ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃው ከድንጋይ ሥር ጥርት ብሎ ይወጣል። ውዱእ አድርጋችሁ ትንሽ ተቀመጡ።

ስለዚያ ሜዳ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በነጭ ሣር መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ ሌሊት ከምታድን የወፍ ወገን ናት። ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ ሳይንሳዊ ስሟም «አንዲት ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ስንቱ ሰው በዚያ መንገድ አልፏል፤ ዝቅ ብሎ ያየ ግን አዲስ ፍጥረት አገኘ። በሁለት ቀን ስምንት ቦታ ረግጠን እንመለስ ስትሉ ይህችን ክንፍ አስታውሷት።

ሦስተኛው ቀን፦ ዶርዜ

ጃኬትና ነጠላ ያዙ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ዞር ብላችሁ ስታዩ አባያ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ጆሮ ይደፈናል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሙዙ ቀርቶ እንሰት ይመጣል።

የዶርዜን ቤት በሥዕል አይታችሁታል። ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፣ ከፊት ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል። ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ተነስቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። አንድ ቤት ብዙ ዘመን የሚያገለግለው እንደዚህ ከሥሩ እየታደሰ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «እኛም እንዲህ ብናደርግ» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ ሲረግጥ፣ በእጁ መወርወሪያውን ሲያሳልፍ ታያላችሁ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡልኮ፣ በቀይና በቢጫ የደመቀው ዱንጉዛም አለ። አንድ ነገር ለመግዛት ብር ያዙ፤ ከሸማኔው እጅ ግዙ። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ነጋዴ ተቀባብሎት የምትገዙትን ጋቢ እዚህ የሠራው ሰው ራሱ ይሰጣችኋል። ዋጋ መከራከር ልማድ ነው፤ የሰው የሁለት ሳምንት ድካም ላይ ግን አትጨክኑ።

ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርባል። አረቄም ሊቀርብ ይችላል። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «እኛ አንጠጣም፤ አመሰግናለሁ» በሉ፤ በቃ። ማንም አይቀየምም። ፊት መቋጠርም ስብከትም አያስፈልግም፤ እንግዳ ናችሁ። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ፤ ሕፃናትን በከረሜላ አትሰብስቡ። አስጎብኚ ስትይዙ ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ምንን እንደሚጨምር ለይታችሁ እወቁ።

ብሩንና ዕቅዱን ማን ይያዝ?

ሁለታችሁም። እዚህ ላይ ወንድሞቼን ላስቸግር። ብዙዎቻችን «ሰርፕራይዝ» እንላለን፤ ቦታውን እኛ መርጠን፣ ሰዓቱን እኛ ወስነን፣ እሷን እንደ ሻንጣ ይዘናት እንሄዳለን። እሷ ጀልባ ትፈራ እንደሆነ፣ ዳገት ያዞራት እንደሆነ አልጠየቅንም። ከዚያ «ይህን ሁሉ አውጥቼ ፊቷ አልፈታ አለ» እንላለን። ከመሄዳችሁ አንድ ወር በፊት አንድ ማታ ቁጭ በሉ። እሷ የምትፈልገውን ሁለት ነገር ትጻፍ፤ አንተም ሁለት ጻፍ። ከአራቱ ሦስቱ ይበቃሉ።

ብሩን በአራት ክፈሉት፦ መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጉብኝት። ጉብኝት ስል ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያ፣ ወደ ዶርዜ የሚወስድ መኪናና አስጎብኚ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ደውላችሁ የዛሬውን ጠይቁ። ከአራቱ ውጪ የማይነካ መጠባበቂያ ይኑር። ካነሰ መጀመሪያ አልጋውን ዝቅ አድርጉ፤ ጀልባውን አትሰርዙ። ለጉዞ አትበደሩ፤ የሠርጉን ስሕተት በሽርሽር መድገም ይሆናልና።

ወባንም አትርሱ። አርባ ምንጭ ቆላ ናት። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ማታ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወባ በሷ ላይ ይከብዳልና ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ «ቆዩ» ካለ ቆዩ። ሐይቁ የትም አይሄድም። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ከአርባ ምንጭ ነው የመጣሁ» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ስለ ፎቶም አንድ ቃል። የትኛው ለናንተ እንደሚቀር፣ የትኛው ለሰው እንደሚወጣ ሁለታችሁ ተስማሙ። አንዳችሁ ያልወደዳችሁት አይውጣ። ሰው ሁሉ ያየው ጉዞ ለሁለታችሁ ምን እንደሚቀረው አስቡት።

ብትጋጩስ?

ትጋጫላችሁ። ደክሟችሁ፣ ርቧችሁ፣ አውቶቡሱ ዘግይቶ አንዳችሁ ክፉ ቃል ታወጣላችሁ። ይህ የጉዞው ብልሽት አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት ቤት እንኳ ቅሬታ ይነሳ ነበር። ጉዞ ሰውን ያሳያል፤ የሄዳችሁትም ለመተያየት ነው።

ያላችሁበትን አገርም አስታውሱ። በመስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ ቁጣው አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቶች ለበቀል ተነስተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፤ መንገዱ ላይ በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። የማንም ንብረት ሳይነካ ተመለሰ። ያን ያህል ሞት መካከል ሽማግሌ ለልጁ ከተንበረከከ፣ በዘገየ አውቶቡስና በቀዘቀዘ አሳ የተኳረፉ ባልና ሚስት መካከል «ይቅር በይኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ወንድሜ፣ አንተ ቅደም። እህቴ፣ እሱ ከዘገየ አንቺ ቅደሚ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ያን ቀን ሻዩን ሳንጨርስ ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያ ከፈተ። «በዓሉ ዓርብ የሚውለው መቼ ነው?» አለኝ። ቀኑን ነገርኩት። «ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?» አለ። «እኔ» አልኩት። የኔ ድርሻ ይኸው ነው። የናንተም ጓደኛ ሰርቶ ያደረ፣ አግብቶ ያልተገናኘ ካለ፣ ሦስት ቀን ሱቁን ጠብቁለት፤ ልጁን ያዙለት። ለሠርጉ ካዋጣችሁት ስጦታ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

አላህ በትዳራችን ውስጥ መዋደድንና እዝነትን ያኑርልን። መንገዳችሁን ሰላም ያድርገው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።